ወፍ ቅኝት አይቆጥርም፦ ስለ ጎንደር ወፎችና ስለ አራቱ ቅኝቶች ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ላላነበበው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ጸሐፊው በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ካሉት ዛፎችና ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ግቢ የወፍ ድምፅ በስልክ ቀርጸዋል፤ የቀረጹትንም ለጊታር መቃኛ በሚያገለግል መተግበሪያ ለክተዋል። ከዚያ ተነሥተው ስድስት ድምዳሜ ያስቀምጣሉ። ወፍ ዜማን የሚያውቀው እንደ ሰው ነው፤ ጆሮው ከሰው ጆሮ ይበልጣል፤ የሚዘምረው በአራቱ ቅኝቶች ነው፤ ዝማሬው አብሮት የተወለደ እንጂ የተማረው አይደለም፤ የሚዘምረውም ወንዱ ብቻ ነው። የሚጠራጠር ካለ ደግሞ ስልኩን ይዞ ዛፍ ሥር ይሂድና ቀረጻውን ያጫውት፤ ወፉ ከመለሰ ዜማውን አውቆታል ማለት ነው።

ጽሑፉ ለዛ አለው፤ የተወደደውም ለዚያ ይመስለናል። ነገር ግን ከስድስቱ ነጥቦች እንደ ተጻፈ የሚቆም አንድም የለም። ሁለቱ ግማሽ እውነት አላቸው፤ አንደኛው ደግሞ ጭራሽ ተገልብጦ የተጻፈ ነው። በተራ እንሂድባቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር «ወፍ» ይላል እንጂ የትኛው ወፍ እንደሆነ አንድ ቦታ እንኳ አይናገርም። ይህ «እንስሳ ሣር ይበላል» እንደ ማለት ነው። ርግብም፣ ዶሮም፣ ቁራም ወፎች ናቸው፤ ከሦስቱ ግን በሳይንሱ አመዳደብ ከዘማሪዎቹ ወገን የሚቆመው ቁራ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ዘማሪ የሚያሰኘው የድምፅ ማማር ሳይሆን ድምፅ የሚፈጥረው አካል አሠራርና በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ስለሆኑ፣ የሰሜን ተራራው ባለ ወፍራም መንቁር ቁራ ዘማሪ ነው፤ ርግብ አይደለችም። ከዚህ በታች «ወፍ» ስንል ዘማሪ ወፍ ማለታችን ነው።

«ወፍ ዜማን እንደ ሰው ያውቃል»

የጸሐፊው ምሳሌ እንዲህ ነው፦ ወፍን በማሲንቆ የተመታ ትዝታ ብታስለምደው፣ ነገ ያንኑ በዋሽንት አቅጥነህ ብታሰማው ያውቀዋል። የጽሑፉ ሥር እዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙ እንቆያለን።

በመጀመሪያ ሰው ዜማን እንዴት እንደሚይዝ እንይ። የቡርባክስ አዝማሪ ማሲንቆውን የሚቃኘው ለድምፁ በሚመቸው ልክ ነው። ጉንፋን ይዞት ድምፁ ከወፈረ ጭራውን ላላ ያደርገዋል፤ ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት የምትዘፍን ከሆነ ጠበቅ ያደርገዋል። ሰሚው ግን ትዝታ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ስንኝ አይፈጅበትም። ለእኛ ዜማ ማለት በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ከየት ተነሣ የሚለው ግድ አይሰጠንም። በድጓው ላይ ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ምልክትም እንደዚሁ ነው። በዚህ ቅጥነት ጀምር አይልም፤ የታወቀ የዜማ ሐረግ ያስታውሳል እንጂ። መነሻውን መሪው ይሰጣል፣ ሌላው ይከተላል።

ወፍስ? በባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ስቱዋርት ሃልስና ጄፍሪ ሲንክስ በ1985 ያሳተሙት ሥራ አለ። ከፈተኗቸው ወፎች አንዱ ስታርሊንግ ነው፤ ከእኛ አገር አንጸባራቂ ሰማያዊ ወፎች ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አራት አራት ድምፅ ያላቸው ሁለት ዓይነት ተከታታዮች ያሰሙታል፤ አንዱ ደረጃ በደረጃ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ሌላው ደረጃ በደረጃ እየወፈረ የሚወርድ። ወፉ ሁለቱን መለየት ተማረ። በለመደው የቅጥነት ክልል ውስጥ አዲስ ተከታታይ ሲመጣበትም አልተቸገረም። በአንድ ኦክታቭ (የድምፁ ንዝረት እጥፍ ወይም ግማሽ በሚሆንበት ርቀት) አውፍረው ወይም አቅጥነው ከለመደው ክልል ሲያወጡት ግን ያወቀው ሁሉ ጠፋው። «ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ» የሚለው ለሰው የሕፃን ጨዋታ ነው፤ ለስታርሊንጉ ግን ክልሉ ሲቀየር ነገሩ ሁሉ አዲስ ነው።

በካናዳ ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሮናልድ ዋይዝማንና ባልደረቦቹ ደግሞ በሌላ በኩል መጡ። ድምፆችን በስምንት ተከታታይ የቅጥነት ክልል ከፋፈሉ፤ በአንዱ ክልል ላሉት ድምፆች ለመለሰ ምግብ፣ በቀጣዩ ክልል ላሉት ለመለሰ ምንም፣ እንደገና ምግብ፣ እንደገና ምንም። ማነጻጸሪያ ድምፅ የለም፤ አንድ ድምፅ ብቻውን ይመጣል፣ የየትኛው ክልል እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው። ዜብራ ፊንች የተባለው ወፍ ስምንቱንም ክልል ለየ። ሰዎች በደንብ የያዙት ዳርና ዳር ያሉትን ጥቂቶች ነበር። አይጥማ ከሰውም ባሰች።

ከዚህ ተነሥቶ ለብዙ ዓመት የቆየው አስተሳሰብ «ሰው ርቀቱን ይሰማል፣ ወፍ የእያንዳንዱን ድምፅ ትክክለኛ ቅጥነት ይይዛል» የሚል ነበር። ይህም ሙሉ መልስ አልሆነም። በ2016 ሚካ ብሬግማን፣ አኒሩድ ፓቴልና ቲሞቲ ጄንትነር ነገሩን ከሥሩ ፈተሹት። ሙከራቸውን ለመረዳት አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል።

ማሲንቆና ዋሽንት አንድ ዓይነት ቅጥነት ላይ ቢገናኙም ማንም አይሳሳታቸውም። ልዩነታቸው የድምፁ ጉልበት ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ባለው መሰላል ላይ እንዴት እንደተደለደለ ነው። ማሲንቆ ጉልበቱን በብዙ እርከን ላይ ይበትነዋል፤ ዋሽንት አብዛኛውን በታችኛው እርከን ላይ ያኖረዋል። ይህን ድልድል የድምፅ መልክ እንበለው። በተራ ዘፈን ውስጥ ቅጥነትና መልክ ተጣብቀው ስለሚሄዱ ወፉ የትኛውን ይዞ እንደሚያውቅ በጆሮ ብቻ መናገር አይቻልም።

ተመራማሪዎቹ ስታርሊንጎቹን ያስተማሯቸው ቅጥነቱም መልኩም ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚለዋወጥ ተከታታይ ነበር። ወፎቹ ከለመዱ በኋላ ሁለቱን አለያዩአቸው። በአንደኛው ፈተና ቅጥነቱ እንዳለ ሆኖ መልኩ በሙሉ የፒያኖ ብቻ ሆነ። በሁለተኛው መልኩ እንዳለ ሆኖ ቅጥነቱ ተፍቆ ጠፋ። ቅጥነት እንዴት ይፋቃል? ድምፁ በየክልሉ ይከፋፈላል፤ የእያንዳንዱ ክልል ጉልበት በየቅጽበቱ ይለካል፤ ከዚያ በዚያው ልክ የተመጠነ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይሞላበታል። ሹክሹክታን ያስቡ። ሰው ጆሮዎ ላይ ሹክ ሲልዎ የድምፅ ገመዱ አይርገበገብም፣ ቅጥነት የሚባል ነገር የለም። ቃሉን ግን አንድም አይስቱትም፤ «ሃ»ን ከ«ሂ» የሚለየው መልክ ቀርቷልና።

ውጤቱ፦ ቅጥነቱ ያልተነካው የፒያኖ ዜማ ለወፎቹ እንግዳ ሆነባቸው። ቅጥነቱ የጠፋውን፣ ለእኛ ጆሮ ሹሹታ ብቻ የሆነውን፣ ለይተው አወቁት። እኛ የዜማ ነፍስ የምንለው ሲቀር ወፉ አልተደናገረም፤ እኛ ልብስ የምንለው ሲቀየር ግን ጠፋበት። ስታርሊንግ ዜማን የሚሰማው እኛ ንግግርን በምንሰማበት መንገድ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ወደ ጸሐፊው ምሳሌ ስንመለስ፣ ከማሲንቆ ወደ ዋሽንት መሸጋገር ማለት ቅጥነቱንም መልኩንም በአንድ ጊዜ መቀየር ነው። ወፉ ያልፈዋል ያሉት ፈተና ከሁሉም የከፋው ነው።

ለጸሐፊው የሚያደላ ማስረጃም አለና እንስጣቸው። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2012 እንዳሳዩት ስታርሊንግ የገዛ ወገኑ ዝማሬ በመጠኑ ሲቀጥንበት ወይም ሲወፍርበት ያውቀዋል፤ የፒያኖውን ዜማ ነው ያጣው። ቺካዲ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ትንሽ ወፍ ሁለት ድምፅ ብቻ ያለው ዝማሬ አለው። መነሻውን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ ከአንደኛው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ሲወርድ ግን የሁለቱ ንጽጽር (የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል) ሁልጊዜ 1.13 አካባቢ ነው፤ ንጽጽሩ የተበላሸበትን ዝማሬ ወገኖቹ ችላ ይሉታል። ቡልፊንችም አለ። በጀርመን ገጠር ከጫጩትነቱ አሳድጎ የሰው ዜማ በፉጨት ማስተማር የቆየ ልማድ ነበር፤ በ2002 የወጣ ጥናትም ወፉ የተማረውን ዜማ ቅጥነቱን ቀይሮ መልሶ ሊያፏጭ እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ «ወፍ ርቀትን ጨርሶ አይሰማም» የሚል ሰው ቢኖር እሱም ተሳስቷል። ርቀትን የሚጠቀሙት ለገዛ ዝማሬያቸው ወይም ከጫጩትነት ለተማሩት ነው። ለባቲና ለአምባሰል አይደለም።

«የወፍ ጆሮ ከሰው ጆሮ ይበልጣል»

በስፋት አይበልጥም። ጤነኛ የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ (በሰከንድ የሚቆጠር የንዝረት ብዛት) ይሰማል። ትንንሽ ዘማሪ ወፎች ደህና አድርገው የሚሰሙት ከ1,000 እስከ 5,000 ወይም 6,000 ባለው ውስጥ ነው፤ ስለታቸው ከ2,000 እስከ 4,000 ላይ ነው፤ ከ10,000 ወዲያ አብዛኞቹ ምንም አይሰሙም። ዝግ ያለ ድምፅ በመስማትም ከእኛ አይሻሉም። በዚህ የምትበልጠን ጉጉት ናት፤ እሷ ደግሞ ዘማሪ አይደለችም። «እኛ የማንሰማውን ረቂቅ ድምፅ ይሰማሉ» የሚለው የጽሑፉ አንቀጽ ለሌሊት ወፍ ቢጻፍ ያስኬድ ነበር፤ የሌሊት ወፍ ግን ስሙ ነው እንጂ ወፍ አይደለም።

የሚበልጡን በሌላ ነው፤ ጽሑፉም ይህን ሳይነካው አልፏል። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ዱሊንግና ባልደረቦቹ አጠቃላይ ጉልበታቸውም መልካቸውም አንድ የሆነ፣ የሚለያዩት በውስጣቸው ባለው እጅግ ጥቃቅን የጊዜ አሰላለፍ ብቻ የሆነ ድምፆች አዘጋጅተው ሰውንም ወፍንም ፈተኑ። ሰው ድምፁ ራሱን የሚደግምበት የአንዱ ዙር ርዝመት ከ3 ወይም 4 ሚሊ ሰከንድ ሲያንስ ልዩነቱ ይጠፋበታል። ወፎቹ ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ተጠግቶም ይለያሉ። ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው።

ይህ በዝማሬ ላይ ምን ያመጣል? በ2018 የወጣው የዜብራ ፊንች ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። የወፉ ዝማሬ በጥቂት ክፍለ ድምፆች ይገነባል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንበላቸው። ቅደም ተከተሉን አዘበራርቀው «ለ፣ መ፣ ሀ፣ ሐ» ሲያሰሟቸው ወፎቹ ለመለየት ተቸገሩ። ቅደም ተከተሉን ሳይነኩ ከአራቱ አንዱን ብቻ ከኋላ ወደ ፊት ገልብጠው ሲያጫውቱት ግን ወዲያው ለዩት። ሰው ተቃራኒው ነው፤ ቅደም ተከተሉ ሲናጋ ዜማው ፈረሰ ይላል፣ የአንዲት አጭር ጩኸት መገልበጥ ግን አይታወቀውም።

ከዚህ የተወሰነውን በራስዎ ጆሮ መስማት ይቻላል። የወፍ ቀረጻ ወስደው ኦዳሲቲ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ፍጥነቱን ወደ ሩብ ያውርዱት። ድምፁ ሁለት ኦክታቭ ይወፍራል፣ ጊዜው አራት እጥፍ ይረዝማል። አንድ «ጭር» የመሰለዎት ነገር ሦስትና አራት መውጣትና መውረድ ያለበት ሆኖ ይመጣል። ወፉ በሙሉ ፍጥነቱም የሚሰማው ያንን ዝርዝር ነው።

በነገራችን ላይ የወፍ ጆሮ አንድ የሚያስቀና ነገር አለው፦ በኃይለኛ ጩኸት የሞቱ የመስማት ሕዋሶቹ መልሰው ይበቅላሉ። ይህ በ1988 በዶሮ ጫጩትና በድርጭት ላይ ታወቀ። የእኛ አንዴ ከሞቱ ሞቱ ነው።

«ዝማሬያቸው በአራቱ ቅኝቶች ነው»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የወፉም የቅኝቱም ሳይሆን የመሣሪያው ነው። የጊታር መቃኛ የተሠራው ከ80 ሄርዝ እስከ 1,300 ገደማ ለሚደርስ፣ ረግቶ ለሚቆይ ድምፅ ነው። የወፍ ዝማሬ በአብዛኛው ከ2,000 በላይ ነው፤ አንዱ ክፍለ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያንሳል፤ በዚያች ቅጽበት ውስጥም እየተንሸራተተ ይወጣል ወይም ይወርዳል። በዚህ ላይ ወፍ ድምፅ የሚያወጣው የአየር ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ስለሆነ፣ ግራውና ቀኙ ለየብቻ በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ ሊያወጡ ይችላሉ። መተግበሪያው ከዚህ ሁሉ አንዷን ነጥብ ይመርጥና በአቅራቢያዋ ወዳለው ከ12ቱ የፒያኖ ድምፆች ወደ አንዱ ይጎትታታል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የወፉ ድምፅ ሳይሆን የተጎተተው ነው።

ቀጥሎ ያለው ስሕተት የሒሳብ ነው። ትዝታና ባቲ ሙሉና ግማሽ አላቸው፤ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ስድስት መሰላል ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም ከ12ቱ ድምፆች ከየትኛውም ሊነሣ ይችላል። እንግዲህ ወረቀትና እርሳስ ይያዙና ይሞክሩት፦ ማንኛውም ሁለት ድምፅ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ይገኛል። ሦስት ድምፅም ቢሆን፣ ሦስቱም በግማሽ ቶን (በፒያኖ ላይ ነጩንም ጥቁሩንም ሳይዘሉ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ባለው ርቀት) ተደርድረው ካልተጣበቁ በቀር፣ አንዱ ቅኝት ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ጸሐፊው ለማሳያ ያቀረቧቸው ዝማሬዎች ደግሞ ሁለትና ሦስት ድምፅ ያላቸው ናቸው። የበር ሲጥሲጥታም ቢለኩ ባቲ ሆኖ ይወጣላቸው ነበር።

በጥንቃቄ የተለካ ነገር ከተፈለገ፣ በ2014 የሰሜን አሜሪካው ኸርሚት ትረሽ የሚመርጣቸው ድምፆች አንድ ክር ሲርገበገብ በተፈጥሮ ከሚያወጣቸው ተከታታይ ድምፆች ጋር እንደሚገጥሙ ተዘግቧል። በ2012 ደግሞ ናይቲንጌል ሬን የሚባለው የመካከለኛው አሜሪካ ወፍ ተለክቶ፣ ለሰው ሙዚቃ ርቀቶች ምንም የተለየ አድልዎ እንደሌለው ተገኝቷል። አንዱ ወፍ ስለ ሌላው አይመሰክርም ማለት ነው።

ጽሑፉ ቅዱስ ያሬድንና ሦስቱን አዕዋፍ እንደ ማስረጃ አቅርቧል። ገድሉ የሚለው ከኤዶም ገነት የተላኩ ሦስት አዕዋፍ በሰው ቋንቋ እንደ ተናገሩትና ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም እንደ ወሰዱት ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይም የዜማ ስልቶች ናቸው፤ ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶች ጋር አንድ አይደሉም። ገድሉን የሚያምን በገድሉ ያምናል። በጥምቀተ ባሕሩ ዛፍ ላይ የተቀመጠ ወፍ በመቃኛ ስለ መለካቱ ግን ገድሉ አንዳች አይልም፤ ሁለቱን ማደባለቅ ለገድሉም ለሳይንሱም አይበጅም።

«ዝማሬው አብሮት የተወለደ ነው»

ተገልብጦ የተጻፈ ያልነው ይህ ነው። ለርግብ፣ ለዋኔና ለአውራ ዶሮ እውነት ነው፤ አውራ ዶሮ ሌላ አውራ ሳይሰማ ቢያድግም ይጮኻል። ዘማሪ ወፍ ግን ይማራል። የኬምብሪጁ ዊልያም ቶርፕ በ1950ዎቹ ቻፊንች የተባለውን ወፍ ከጫጩትነቱ ለብቻው አሳደገው፤ አድጎ ያወጣው ድምፅ የተሰባበረና የወገኑን የማይመስል ነበር። ፒተር ማርለር ነጭ ዘውድ ባለው ድንቢጥ ላይ የትምህርቱን ጊዜ ለካ፦ ከ10 እስከ 50 ቀን ዕድሜ ውስጥ የሰማው ይቀረጽበታል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ብዙም አይገባለትም። ዜብራ ፊንች ከ25 እስከ 65 ቀን ባለው ውስጥ አባቱን ይሰማል፤ በ90 ቀን ገደማ ዝማሬው ይጸናል፣ ከዚያ አይለወጥም።

ትምህርቱ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ዝም ብሎ መስማት ነው፤ ቀጥሎ የሰማውን እያስታወሱ የራስን ድምፅ ከዚያ ጋር ማስተካከል። በመካከል ያለው የልምምድ ድምፅ ዝቅ ያለና የተንተባተበ ነው፤ አፉን ያልፈታ ሕፃን ይመስላል። በ1965 ማሳካዙ ኮኒሺ እንዳሳየው፣ መስማቱን ጨርሶ ልምምድ ሳይጀምር የደነቆረ ወፍ የሰማውን ማውጣት አይችልም። የሰማው በውስጡ አለ፤ ራሱን መስማት ስላልቻለ ግን ማረም አይችልም። በጎንደር በዓታ አቋቋም የተማረ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፦ መጀመሪያ ከመምህሩ አፍ መስማት፣ ቀጥሎ ደጋግሞ እያሉ መታረም ነው።

ጉዳዩ ከዜማ መለየት ጋር የተያያዘው እዚህ ላይ ነው። ወፉ የሚያውቀው ዜማ ከሁሉ በፊት የተማረው ነው፤ በተማረው መለኪያም ነው ሌላውን የሚሰማው። በድንገት ትዝታ ያሰሙት ወፍ ትዝታን አለማወቁ አያስደንቅም።

«ወንዱ ብቻ ይዘምራል»

ይህን ባጭሩ እንለፈው። በ2014 የታተመ አንድ ዳሰሳ ስለ ሴቶቹ መረጃ የተገኘላቸውን 323 ዝርያዎች መርምሮ በ71 በመቶው ሴቷም እንደምትዘምር አገኘ፤ በዘማሪዎች ጥንተ አመጣጥም ሁለቱም ይዘምሩ ነበር ብሎ ደመደመ። «ወንዱ ብቻ» የሚለው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ መጻሕፍት የመጣ ልማድ ነው።

እዚሁ አገር ደግሞ ማስረጃው ከቁጥቋጦ አይርቅም። ቡቡ የሚባል፣ ጀርባው ጥቁር ሆዱ ነጭ፣ ጥሻ ውስጥ የሚሽሎከለክ ወፍ አለ። ባልና ሚስት ተቀባብለው ይዘምራሉ፤ አንዱ ደወል የመሰለ ድምፅ ያወጣል፣ ሌላው እዚያው ላይ ይደርብበታል፤ መካከላቸው ካልቆሙ በቀር አንድ ወፍ ይመስልዎታል። ቶርፕ በኋላ ዘመኑ በምሥራቅ አፍሪካ ያጠናው የዚሁን ቤተሰብ ቅብብሎሽ ነበር። ምናልባት ጸሐፊው «አንድ ወንድ ሦስት ድምፅ ሲያወጣ ቀረጽኩ» ያሉት ሁለት ወፍ ይሆናል።

«ስልክ ይዘህ ሂድና ፈትን»

ቀረጻ ሲጫወትለት ወፍ የሚመጣው ክልሌ ውስጥ ሌላ ገባ ብሎ ነው። ዜማውን መለየቱን አያሳይም፤ መቆጣቱን እንጂ። ደግሞም ጎረቤቱን ከእንግዳ ስለሚለይ፣ ለጎረቤቱ ድምፅ ብዙም አይጨነቅም፣ ለእንግዳው ይነሣል። ስለዚህ ያው ዝማሬ አንዴ መልስ አግኝቶ አንዴ ሊያጣ ይችላል፤ ዜማው ሳይለወጥ።

ስልኩ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። የድምፅ መቅጃው ጫጫታ ማጥፊያ ከተከፈተ የወፉን ድምፅ ራሱን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይሸረክተዋል። በ16,000 ሄርዝ ናሙና (ድምፁን በሰከንድ 16,000 ጊዜ እየለካ) የሚቀርጽ ከሆነ ከ8,000 በላይ ያለው ሁሉ አይኖርም። የተጨመቀ ፋይል ደግሞ የሚጥለው ለሰው ጆሮ የማይታወቀውን ጥቃቅን ነገር ነው፤ ቅድም እንዳልነው ወፉ የሚሰማው ያንኑ ነው።

ሜዳ ላይ መሞከር የሚፈልግ ሰው ቢያንስ እንዲህ ያድርግ። ጫጫታ ማጥፊያውን ይዝጋ፤ በ48,000 ወይም በ44,100 ሄርዝ፣ ባልተጨመቀ ዌቭ ፋይል ይቅረጽ። ከአንድ ዝርያ አንድ ቀረጻ ይዞ አይሂድ፤ ከተለያዩ ወፎች የተወሰዱ አምስትና ከዚያ በላይ ይያዝ፤ አለዚያ የለካው የዝማሬውን ዓይነት ሳይሆን የዚያችን አንዲት ቀረጻ ጠባይ ነው። ዶናልድ ክሩድስማ ይህን ስሕተት በ1989 በዝርዝር አጋልጦታል፤ ከዚያ በፊት ትልልቅ ጥናቶችም ወድቀውበታል። ማነጻጸሪያም ያስፈልጋል፦ የሌላ ዝርያ ዝማሬ፣ ተራ ሹሹታ፣ የማሲንቆ ድምፅ፤ የሁሉም ጩኸት በእኩል የተመጠነ። ካልተመጠነ ወፉ የመለሰው ለዜማው ይሁን ለጩኸቱ አይታወቅም። ድምፅ ማጉያው ከወፉ ከ10 እስከ 15 ሜትር ይራቅ፤ አንዱ ሙከራ ከ2 ወይም 3 ደቂቃ አይለፍ፤ በአንድ ወፍ ላይ በቀን አንዴ ይብቃ። ወፉ ጎጆ ይዞ ከሆነ ጭራሽ አይሞከርበት፤ ከማይታይ ጠላት ጋር ሲሟገት ጫጩቱን መመገብ ይተዋል። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መዋኛው ዙሪያ ያ ሁሉ ሕዝብ እያለ የሚሰማው ወፍ ሳይሆን ከበሮና እልልታ ነው።

መለየትን በእርግጥ የሚፈትነው የሣጥኑ ዘዴ ነው። ወፉ ድምፅ በማያስገባ ሣጥን ውስጥ ይሆናል። ፊት ለፊቱ ቀዳዳዎች አሉ፤ በመካከለኛው መንቁሩን ሲያስገባ ድምፅ ይጫወታል። ድምፁ ዓይነት አንድ ከሆነ ወደ ግራ፣ ዓይነት ሁለት ከሆነ ወደ ቀኝ መንቁሩን መስደድ አለበት። ከመታ የምግብ በር ለጥቂት ሰከንድ ይከፈታል፤ ከሳተ መብራቱ ለጥቂት ሰከንድ ይጠፋል። በዕድል ብቻ 50 በመቶ ይመታል፤ ብዙ ጊዜ 80 በመቶና ከዚያ በላይ በተከታታይ ሲመታ ተማረ ይባላል፤ እስከዚያ ድረስ ሙከራው በሺዎች ይቆጠራል። ፈተናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ የተቀየረውን ድምፅ፣ የቀጠነውን ወይም ቅጥነቱ የተፋቀውን፣ ከለመዳቸው መካከል አልፎ አልፎ ጣል ማድረግ። ለእነዚህ የሚሰጠው ሽልማት ከመልሱ ጋር መያያዝ የለበትም፤ ከተያያዘ ወፉ እዚያው አዲሱን ይማረዋል፣ ያወቀው ይሁን አሁን የተማረው ይሁን መለየት አይቻልም።

የቀረጹት ወፍ ስም ደግሞ አሁንም ይጎድላል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል በ1832 እና በ1833 ጎንደር ተቀምጦ ወፍ ሲሰበስብ እያንዳንዱን በዝርያው ነው የለየው፤ ደረቷ ነጠብጣብ የሆነው የደጋ ወፍ ሲመንሲስ የሚለውን የሳይንስ ስሟን ከሰሜን ተራራ ያገኘችው ከዚያ ሥራ ነው። ዛሬ በስልክ ፎቶ እያነሡ «ወፍ» ብሎ ማለፍ አያስኬድም። ጸሐፊው ቀረጻዎቻቸውን ሊያካፍሉ ፈቃደኛ ከሆኑ ደግመን ለመለካት ዝግጁ ነን፤ የተቀረጸበት ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፣ የሚቻል ከሆነም የወፉ ፎቶ አብሮ ይምጣ። በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን ዋናውን ፋይል እንደ ሰነድ ይላኩት፤ የድምፅ መልእክት ይጨመቃል።